መዳመጥ

እናቴ ጎንደር አዘዞ ቤታችን ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጥጥ ስትዳምጥ ነው ያደግሁት። ከመተማ ቆላ የመጣውን ጥጥ ለስላሳው ድንጋይ ላይ ታደርግና ቀጭኑን የብረት ዘንግ በመዳፏ ታንከባልልበታለች፤ ፍሬው እየሾለከ ወደፊት ይወድቃል። ጫን ካለች ፍሬው ፈርጦ ጥጡን በዘይት ያቆሽሸዋል፤ ካላላች ፍሬው ከነጥጡ ይቀራል።

ዛሬ ጀርመን ውስጥ የባትሪ ኤሌክትሮድ እዳምጣለሁ። ለሥራዬ የአማርኛ ስም ፈልጌ ብዙ አልደከምኩም፤ አስፋልት የሚጠቀጥቀውን ማሽን ዳምጠው ካልነው፣ የእኔም መዳመጥ ነው።

የእኔ ጥጥ ጥቁር ነው። የግራፋይት ዱቄት ከማጣበቂያ ጋር ተለውሶ በስስ የመዳብ ወረቀት ላይ ይቀባና ይደርቃል። የደረቀው ልባስ ግማሽ ያህሉ ባዶ ነው። በሁለት የብረት ሮለሮች መሃል ሲያልፍ ቅንጣቶቹ ይቀራረባሉ፣ ባዶው ወደ 30 በመቶ ይወርዳል። እዚያ ላይ እጄን መሰብሰብ አለብኝ፤ ሊቲየም የሚመላለሰው በዚያ ባዶ ውስጥ በሚሰርገው ፈሳሽ፣ በኤሌክትሮላይቱ ነውና።

በጀመርኩበት ዓመት አንድ ሙሉ ጥቅል አብዝቼ ዳመጥኩ። እንደ መስታወት ሲያበራ ደስ አለኝ። አለቃዬ ምንም ሳይለኝ አንድ የኤሌክትሮላይት ጠብታ ጣል አደረገበት፤ ቅቤ በተቀባ ቅል ላይ እንዳረፈ ውሃ ሳይሰርግ ቆመ። ጥቅሉ ተጣለ። ከዚያ ወዲህ የሚያብረቀርቅ ኤሌክትሮድ ሳይ ልቤ ይፈራል። ልባሱ ደግሞ ከጫናው ሲላቀቅ እንደ ባዘቶ ትንሽ ያብጣል፤ ስለዚህ ውፍረቱን በማግስቱም እለካለሁ።

ኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2024 ከከለከለች ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና ሳስብ ዐይኔ ላይ የሚመጣው የደባርቅ መንገድ ነው። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አብዛኛው ዳገት። ዳገቱ በትንሽ ቦታ ብዙ ጉልበት ይፈልጋል፤ አጥብቀህ ዳምጥ ይላል። የደባርቅ ሌሊት ግን ሌላ ይላል። በብርድ ባትሪ ሲሞላ የሊቲየም አዮኖቹ ይዝላሉ፣ በጠበበው ቀዳዳ ይጨናነቃሉ፤ ሊቲየሙ ግራፋይቱ ውስጥ መግባት ሲያቅተው ላዩ ላይ እንደ ብር ይለጠፋል፣ ባትሪውም ያለ ዕድሜው ያረጃል።

እኔ ብጠየቅ ለደባርቅ የሚሄደውን ላላ አድርጌ እዳምጠዋለሁ። ሹፌሩ በአንድ ሙሌት የሚሄደው ጥቂት ኪሎ ሜትር ይቀንስበታል፤ በውርጭ ያደረ መኪናው ግን ከዓመታት በኋላም ዳገቱን ይወጣል።