አጋጣሚና የሠለጠነ እጅ

የሠዓሊ የፈጠራ ስሜት ከየት ይመነጫል ለሚለው ጥያቄ ዘወትር የሚሰጠው መልስ «ከተፈጥሮና ከአጋጣሚ» የሚል ነው። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ጎዶሎ ነው። አጋጣሚ ለሁሉም ይደርሳል፤ የጥበብ ሥራ የሚሆነው ግን የሠለጠነ እጅ ሲገጥመው ብቻ ነው።

የጣሊያኑ ሠዓሊ ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ወጣት ሠዓልያን እድፍ ያለበትን ግድግዳ አተኩረው እንዲመለከቱ፣ በውስጡም ተራራና ጦርነት እንዲፈልጉ መክሮ ነበር። ይሁን እንጂ እድፉ ሐሳብ ቢያመነጭም ሥዕሉን መጨረስ እንደማያስተምር አብሮ አስጠንቅቋል። የምክሩን ፊተኛ ክፍል ብቻ የሚይዙ ብዙዎች ናቸው።

የሀገራችን ብራና ጸሐፊዎች ይህን እውነት በሥራ ያውቁታል። የፍየል ቆዳ ተዘፍዝፎ በእንጨት መወጠሪያ ላይ ሲወጠር፣ በመዥገር ወይም በቢላዋ የተጎዳች ነጥብ ተለጥጣ ቀዳዳ ትሆናለች። አንዳንዱ ቀዳዳ በክር ይሰፋል፤ ሌላው እንዳለ ይተዋል። ጸሐፊው ከቀዳዳው ሲደርስ ይቆምና ከማዶው ይቀጥላል፤ መስመሩ አይዛባም፣ ቃሉም አይጎድልም። እንከኑ የገጹ አካል የሚሆነው ጸሐፊው ፊደሉን ለዓመታት ስለተለማመደ ነው።

የዘመናዊ ሥነ ጥበባችን ዐበይት ሠዓልያንም ከዚህ መንገድ አልራቁም። እስክንድር ቦጎሲያን ከዛፍ ልጥ በተሠራ ጨርቅ ላይ ሲሠራ፣ የልጡ መልክና ሻካራነት ከቀለሙ እኩል እንዲናገር አድርጓል። ዘሪሁን የትምጌታ ደግሞ በተደረደሩ ጠባብ የቀርከሃ ፍልጮች ላይ ሥሏል። በፍልጮቹ መካከል ያለው መስመር ምስሉን ይከፋፍለዋል፤ ሠዓሊው ግን ከክታብ የተማረውን የዓይንና የመስመር ሥርዓት ስለያዘ ክፍፍሉ ራሱ ምት ሆኖለታል። ቀርከሃውን ያበቀለችው ተፈጥሮ ናት፤ ምቱን ያገኘው ግን ሠዓሊው ነው።

ከዚህም አንፃር ቀለም በሸራ ላይ ደፍቶ የወጣውን ሁሉ «ድንገተኛ ውበት» ማለት ሊተች የሚገባው ልማድ ነው። ተመልካቹ የሚጠይቀው ቀለሙ እንዴት እንደፈሰሰ ሳይሆን ሠዓሊው ከፈሰሰው ምኑን መርጦ እንዳስቀረ ነው። ያልተመረጠ አጋጣሚ አደጋ እንጂ ጥበብ አይደለም።

ከባሕር ዳር ወደ ዳንግላ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ዱርቤቴ ለዚህ ትምህርት የተመቸች ናት። ግልገል ዓባይ ከአጠገቧ ወደ ጣና ይወርዳል፤ ከደቡቧ ባለው የአዊ ደጋ ቀርከሃ ይበቅላል፤ በሐይቁ ዳርቻ ታንኳ የሚታሰርበት ደንገል አለ። ይሁንና ሀብቱ ዘላለማዊ አይደለም። ከ2004 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ እምቦጭ የጣናን ዳርቻ ሲወር ታይቷል፤ የደንገሉም ይዞታ እየጠበበ ሄዷል። ደንገል ሲጠፋ ታንኳ ሠሪው ቁሳቁሱን ያጣል፤ ሠዓሊውም የዚያን ሰው እጅ አይቶ የሚማርበትን ዕድል ያጣል።

ስለሆነም የሥዕል መምህራን ተግባር ድርብ ነው፦ ተማሪውን ከፎቶግራፍ ግልበጣ አውጥቶ ወደ ወንዙ ዳር መውሰድ፣ ከወንዙ ዳር መልሶም በንድፍ ልምምድ ማትጋት። አንዱ ያለ ሌላው ፍሬ አይሰጥም።