ሊብሬው የማይናገረው ካምቢዮ

ሊብሬ የሻንሲ ቁጥርም የሞተር ቁጥርም ይዟል፤ ስለ ካምቢዮ ግን ትንፍሽ አይልም። አሶሳ ላይ ካምቢዮ ለሚፈታ ሰው ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ ነው። ማንዋል ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም። አውቶማቲክ ከሆነ ግን የትኛው እንደሆነ ሳላረጋግጥ አንድ ብሎን አልፈታም፤ ምክንያቱም ዕቃው እዚህ የለም። ዕቃው ያለው ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው። ደውዬ «የሃይሉክስ አውቶማቲክ ፊልትሮና ዲስክ ላክልኝ» ስል ሻጩ መጀመሪያ የሚለኝ «የትኛው?» ነው። በግምት ከመለስኩለት በነቀምትና በመንዲ አድርጎ የሚደርሰኝ የሌላ ሰው መኪና ዕቃ ነው። ዕቃው ተመልሶ ትክክለኛው እስኪመጣ ድረስ መኪናው እንደተፈታ ይቆማል፣ ባለቤቱም ሥራ ይፈታል።

ድሮ ይህ ጥያቄ እዚህ አገር እምብዛም አይነሳም ነበር። የመሥሪያ ቤቱም፣ በሸርቆሌና በባምባሲ የስደተኛ ጣቢያዎች የሚመላለሰውም ፒክአፕ በአብዛኛው ማንዋል ነው፤ ላንድ ክሩዘር 79 የኖረው በማንዋል ነው። አሁን ነጋዴውም ኮንትራክተሩም ያገለገለ አውቶማቲክ ሃይሉክስ ይገዛል። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ደግሞ ሰው በእጁ ያለውን መኪና እያሳደሰ መንዳቱን መርጧል። ያረጀ ካምቢዮ ወደ እኛ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ቶዮታ ለመካኒክ ደግ ነው። ኮፈኑን ስትከፍቱ ሞተሩን ከጋቢናው በሚለየው ላሜራ ላይ፣ ካልሆነም በበሩ ምሰሶ ላይ ትንሽ የብረት ሰሌዳ ታገኛላችሁ። የአሶሳ ቀይ አፈር ስለሚጋግርባት በእርጥብ ጨርቅ ማሸት ያስፈልጋል፤ በቢላ መፋቅ ግን ፊደሉን ያጠፋል። ከታች «ትራንስ/አክስል» የሚለው መስመር ላይ የካምቢዮው ስም አለ። «አር151ኤፍ» ካለ ባለ 5 ማንዋል ነው፣ ጉዳዩ አለቀ። «ኤ» ብሎ ከጀመረ አውቶማቲክ ነው፤ ከዚያ የሚከተለው የመጀመሪያው አኃዝ ቤተሰቡን፣ ሁለተኛው የማርሹን ብዛት ይናገራል። ስለዚህ ኤ343ኤፍ ባለ 4፣ ኤ750ኤፍ ባለ 5 ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኤፍ» ፎር ዊል መሆኑን ትነግረናለች። ከ2015 እ.ኤ.አ. በኋላ በመጣው ሃይሉክስ ላይ የሚገኘው ኤሲ60 ደግሞ ከዚህ ደንብ ወጣ ይላል፤ ባለ 6 ነው።

ታዲያ ለምን በሞዴሉ ዓመት ብቻ አንወስንም? ከ2005 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. የተመረተው ሃይሉክስ መልኩ ያው ሆኖ ባለ 4 አውቶማቲክም ባለ 5 አውቶማቲክም ይዞ ወጥቷል፤ የሚወስኑት ሞተሩና የተላከበት ገበያ ናቸው። እዚህ የሻንሲ ቁጥሩ ያግዛል። በ«ኤኤችቲ» ከጀመረ ደቡብ አፍሪካ፣ በ«ኤምአር0» ከጀመረ ታይላንድ የተሠራ ነው። ይህን ለሶማሌ ተራ ሻጭ ስትነግሩት ወሬው ያጥራል።

ሰሌዳዋ ግን የምትናገረው መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረውን ነው። የኛ አገር ፒክአፕ ደግሞ ብዙ እጅ አልፏል፤ ሞተሩ የተቀየረ፣ ካምቢዮው ከተጋጨ መኪና የተወሰደ ስንቱ ነው! ስለዚህ ከሥር ሳልገባ ቃል አልሰጥም። ካምቢዮው ጎን ላይ የተለጠፈች ወይም የተመታች የአምራቹ ምልክት ትኖራለች። የብዙዎቹ የቶዮታ ፒክአፕ አውቶማቲኮች አምራች የጃፓኑ አይሲን ነው። ምልክቱ ከጠፋ የዘይት ኮፓውን ቅርጽ አያለሁ። አሜሪካኖች በዚህ የተካኑ ናቸው፤ የጄኔራል ሞተርስ ፒክአፕ ሥር ገብተው የኮፓውን ብሎን ይቆጥራሉ፦ 16 ከሆነ 4ኤል60ኢ፣ 17 ከሆነ 4ኤል80ኢ።

አንድ ቀን አንድ ሐጂ ከልጃቸው ጋር መኪናቸውን ይዘው ከኩርሙክ በኩል መጡ። «ሐጂ፣ ካምቢዮው ስንት ማርሽ አለው?» ስላቸው «አምስት» አሉኝ። ልጁ ቀበል አድርጎ «ይቅርታ አባባ፣ አራት ነው» አለ። ሰሌዳዋ ተነቅላ የተበሳው ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ሁለቱንም አሳፍሬ ወደ ባምባሲ መንገድ ወጣሁ። ቀስ ብሎ ለሚያዳምጥ መኪናው አራት ጊዜ «ቀየረ»። ከአንድ ተነስቶ አራት ጊዜ ከቀየረ አምስተኛ ላይ ነው ማለት ነው፤ ሐጂ ፈገግ አሉ። ነገር ግን የመጨረሻው ለውጥ ለስላሳ ነበር፣ የሞተሩም ዙር የወረደው ትንሽ ነው። ነዳጁን እንደረገጥኩ በግራ እግሬ ፍሬኑን ነካ አደረግሁት። ዙሩ ወዲያው ከፍ አለ፤ እግሬን ሳነሳ ተመልሶ ወረደ። ይህ ማርሽ አይደለም፤ ቶርክ ኮንቨርተሩ ከሞተሩ ጋር ሲቆለፍና ሲለቀቅ ነው። የፍሬን መብራት ሲበራ ኮምፒውተሩ ቁልፉን ይለቃል። ካምቢዮው ባለ 4 ነበር፤ ጎኑ ላይ ያለው ምልክትም ኋላ ይህንኑ አረጋገጠ። ሐጂ የቆጠሩት በደንብ ነው፤ ሳይቀየር የሚቀየር የሚመስል ነገር እንዳለ ማንም አልነገራቸውም እንጂ።

የዘይት መለኪያ ዘንግም ጥሩ ምስክር ነው። የቆዩት ባለ 4 ካምቢዮዎች ዘንግ አላቸው፤ ዘይቱ ሞቆ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ማርሹ ፒ ላይ ሆኖ ይለካል። ኤ750 ላይ በብዛት ዘንግ የለም፤ ኮፓው ላይ ባለው የትርፍ መፍሰሻ ብሎን ነው የሚለካው፣ ያውም ዘይቱ 40 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲሆን ብቻ። አሶሳ በየካቲትና በመጋቢት ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ሰው ችግሩን ይረዳል። ከመንገድ የገባ መኪና ዘይቱ ከዚህ እጥፍ ሊሞቅ ይችላል። የሞቀ ዘይት ስለሚያብጥ ብሎኑ ሲፈታ ከሚገባው በላይ ይፈሳል፤ «ሞልቷል» ተብሎ የተዘጋው ካምቢዮ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ይገኛል። ስለዚህ እንዲህ ያለውን መኪና አሳድረዋለሁ፣ ጠዋት ሞተሩን አስነስቼ እለካለሁ። ባለቤቶቹ አይወዱትም። እኔም ሐሳቤን አልቀይርም።

ዘይቱ ራሱ ግን ስም አይነግርም። ለኤ750 የታዘዘው ቶዮታ ደብሊውኤስ ቀጭን ነው፤ በአሮጌዎቹ የሚገባው ቲ-ፎር ወፈር ይላል፤ ሁለቱም ቀይ ናቸው። ከሁሉ የሚያናድደኝ በየሱቁ «የካምቢዮ ዘይት፣ ቀዩ» እየተባለ የሚሸጠው ነው።

ኒሳን ናቫራ የሚይዝ ሰው ሌላም ነገር ይመልከት። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ በመጣው ዲ40 ላይ ያለው ባለ 5 አርኢ5አር05ኤ ዘይቱን የሚያቀዘቅዘው በራዲያተሩ ውስጥ ነው። ውስጡ ሲሰነጠቅ ውኃና ዘይት ይቀላቀላሉ፤ የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ሮዝ ወተት የመሰለ ነገር ካያችሁ ካምቢዮው እየሞተ ነው። ሞተሩን አጥፉና መኪናውን አስጎትቱ።

ስካነርን የረሳሁት አይደለም፤ አለኝ። ግን ስካነሩ የሚያነበው ኮምፒውተሩን እንጂ ከሥር የተንጠለጠለውን ብረት አይደለም።

አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ፒክአፕ ስትገዙ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ሰሌዳዋንም የካምቢዮውን ጎንም ፎቶ አንስታችሁ በስልካችሁ ያዙ። ጋራዥ ስትገቡ ደግሞ የካምቢዮውን ስም ሳይጠይቅ የዘይት ጣሳ የሚከፍት መካኒክ ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ።