«ምን ልታዘዝ?»፦ መጽሐፍ ፈላጊንና መጽሐፍ ሻጭን በሚያገናኙ የጽሑፍ ምልልሶች አማርኛ ላይ የቀረበ ሂስ

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት የእጅ ስልኩን መጠየቅ ጀምሯል። በተለይም በቴሌግራም አማካይነት መጽሐፍ የሚያስተዋውቁ፣ የሚሸጡና ትእዛዝ የሚቀበሉ ገጾች በርክተዋል፤ ከእነዚህም አንዳንዶቹ ሰው ሳይቀመጥባቸው ለጥያቄ ራሳቸው መልስ የሚሰጡ ናቸው። የሐሳቡ መነሻ መልካም ነው፤ አንባቢን በየሰፈሩ ካለው መጽሐፍ ሻጭ ጋር መልሶ ለማገናኘት የሚደረግ ጥረት ሁሉ ሊደገፍ ይገባዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር የተነሣነው የሚናገሩበትን አማርኛ ብቻ ነበር። ይሁን እንጂ ምርመራችን እየገፋ ሲሄድ ቋንቋውን ከአሠራሩ ለይቶ ማየት የማይቻል ሆኖ አገኘነው፤ ቃሉ ሲስት መጽሐፉ ይጠፋልና።

ነገሩን ከደረሰብን እንጀምር። ከእነዚህ መላሾች ለአንዱ «አዲስ የአማርኛ መዝገበ ቃላት» ብለን ጻፍንለት። የፈለግነው በ1962 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ደስታ ተክለ ወልድን ሥራ ነበር። መልሱ «ምንም ውጤት አልተገኘም» የሚል ሆነ። በሳምንቱ መርካቶ ወርደን ከአንዋር መስጊድ ብዙም ሳንርቅ ወደ አንዲት ጠባብ የአሮጌ መጻሕፍት ሱቅ ጎራ አልን። ገና «የአማርኛ መዝገበ ቃላት» ከማለታችን ሻጩ «ጋሼ፣ የደስታውን ነው የከሣቴውን?» ሲል ጠየቀን። የደስታው በእጁ አልነበረም፤ «አንድ ጊዜ ይቀመጡ» ብሎ አንድ ልጅ ወደ ጎረቤት ላከ፤ የቀረበልን ሻይ ሳይቀዘቅዝ መጽሐፉ መጣ። ወደ ቤት ተመልሰን ርእሱን ከልባሱ ላይ ፊደል በፊደል ገልብጠን ለዚያው መላሽ ብንጽፍለት፣ መጽሐፉን ከነዋጋው አቀረበልን። ለካስ ከመጀመሪያውም በዝርዝሩ ውስጥ ነበር!

ስሕተቱ ከየት እንደ መጣ ለዚህ መጽሔት አንባብያን ማስረዳት አያስፈልግም ይሆናል። አለቃ ደስታ መጽሐፋቸውን «ዐዲስ ያማርኛ መዝገበ ቃላት» ብለው ሰይመውታል፤ የመጀመሪያውን ቃል በዐይኑ «ዐ» ጽፈዋል፤ «የ»ንና «አ»ን አዋሕደው «ያማርኛ» ብለዋል። መምህራቸው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ደግሞ በ1948 ዓ.ም. በታተመው መዝገበ ቃላታቸው ርእስ ላይ ያንኑ ትርጉም በግእዙ «ሐዲስ» አስቀምጠውታል። የዛሬ ጸሓፊ በአልፋው «አ» ይጽፋል፤ «የአማርኛ» ብሎም ይለያያል። ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ «አ»ና «ዐ» አንድ ናቸው። ለመሣሪያው ግን እንደዚያ አይደለም፤ በ1999 እ.ኤ.አ. ፊደላችን በዩኒኮድ ሲመዘገብ እያንዳንዱ ሞክሼ የራሱ ቁጥር ስለተሰጠው፣ «አ»ና «ዐ» በእርሱ ዘንድ የ«ለ»ንና የ«መ»ን ያህል የተለያዩ ናቸው።

«መጽሐፍ» የሚለውን ቃል ራሱን እንውሰድ። «ጽ»ንና «ፅ»ን፣ እንዲሁም «ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሃ፣ ሓ፣ ኃ» የተባሉትን ስድስት አማራጮች ብናባዛ፣ ንባቡ ሳይለወጥ 12 ዓይነት ጽሕፈት ይወጣዋል። በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ያሳተሙት የሐዲስ ዓለማየሁ ስም የባሰ ነው። የ«ሐ»ን ስድስት፣ የ«ስ»ን ሁለት፣ የ«ዓ»ን አራት፣ የ«ሁ»ን ሦስት አማራጮች ብናባዛ 144 ይሆናል። ከእነዚህ አብዛኞቹን ማንም እንደማይጽፋቸው እናውቃለን፤ ነገር ግን አምስት ስድስቱ በየጋዜጣውና በየማስታወቂያው የሚታዩ ናቸው፤ ከእነርሱም አንዱን ብቻ የሚያውቅ መላሽ የቀሩትን ጠያቂዎች ሁሉ ባዶ እጃቸውን ይሸኛል። ፈላጊው ደግሞ ፊደል መሳቱን አያውቅም፤ መጽሐፉ ከገበያ የጠፋ መስሎት ይተወዋል። ዳግመኛ ላልታተሙ መጻሕፍት፣ የመርካቶው መደርደሪያ የመጨረሻ መጠጊያቸው ለሆነው፣ ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም።

መሣሪያው ሲፈልግ ሞክሼዎቹን እንደ አንድ ቆጥሮ ያመሳክር፤ ሲያሳይ ግን ርእሱን ደራሲው እንደ ጻፈው ይጠብቅ። ይህን ስንል «ሠረቀ»ን ከ«ሰረቀ»፣ የፀሐይን መውጣት ከሌባ ሥራ መለየት ይቀራል ብለው የሚቃወሙን እንደሚኖሩ እናውቃለን። ተቃውሞው ለጽሕፈት ሥርዐት ተገቢ ነው፤ ለፍለጋ ግን አይሠራም። የመርካቶው ሻጭም የሰማው በጆሮው ነው፤ ድምፁ ለሁለት መጽሐፍ የሚስማማ ሲሆን ሁለቱንም አውጥቶ ያሳያል። በአማርኛና በኮምፒውተር ጉዳይ የሚመራመሩ ባለሙያዎች ይህን የማዋሐድ ዘዴ ሲሠሩበት ቆይተዋል፤ እኛ ከሞከርናቸው መላሾች ዘንድ ግን አልደረሰም። ወቀሳውን ሁሉ በሠሪዎቹ ላይ መጫንም ፍትሐዊ አይሆንም። ሞክሼ ፊደላትን ስለ መቀነስና ስለ መጠበቅ እኛ የቋንቋ ሰዎች ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ተከራክረናል፤ እስክንስማማ ድረስ አንባቢው ምን ያድርግ ብሎ የጠየቀን ግን ጥቂት ነው።

ወደ ስያሜዎቹ እንለፍ። «ቻት» ከ«ጫት» በአንድ ፊደል ብቻ መለየቱን ለቀልደኞች እንተወውና፣ «ጭውውት» ብለው የተረጎሙትን ግን መንቀፍ ይኖርብናል። ጭውውት ጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ መጽሐፍ የሚፈልግና የሚሸጥ የሚለዋወጡት «ምልልስ» ነው። «ቦት» የሚለውም ችግር አለበት፤ በመርካቶ ቦት የሚፈልግ ሰው ወደ ጫማ ሻጮች ይመራል። ባዕድ በመሆኑ አልነቀፍነውም፤ መርካቶ ራሱ በጣልያን ወረራ ዘመን የገባ የጣልያንኛ ቃል ነው፤ ዛሬ ከ«ገበያ» ባላነሰ የራሳችን ሆኗል። የነቀፍነው ቦታው በሌላ ዕቃ ስለተያዘ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ «መላሽ» ብለናል፤ የተሻለ ያለው ያቅርብልን።

ይልቁንም ያስገረመን «ወደ ጋሪ ጨምር» የሚለው ትእዛዝ ነው። በመርካቶ ጋሪ ጆንያና ካርቶን ተጭኖበት በሰው መካከል «ዞር በሉ» እየተባለ የሚገፋ ነው፤ አንዲት የግጥም መድበል ለመግዛት ጋሪ የሚጠራ ሰው አላየንም። ገዥ ለዚህ ጉዳይ የቆየ ቃል አለው፦ «ያዝልኝ» ወይም «አስቀምጥልኝ» ይላል። ቃሉ መተማመንን ጭምር ይዟል፤ የተቀመጠለት ሰው መምጣት ይኖርበታል፤ ያስቀመጠውም ለሌላ መሸጥ የለበትም። «ተጠቃሚ»ም እንዲሁ ነው። ይህ ቃል በጆሯችን የዕርዳታና የአገልግሎት መዝገብን ያስታውሳል። በመርካቶ ያለው ስም «ደንበኛ» ነው፤ ውበቱም ከሁለቱም ወገን መሆኑ ነው፤ ገዥው የሻጩ ደንበኛ ነው፣ ሻጩም የገዥው።

ቀጥሎ «ምን ልርዳህ/ሽ?» የሚለውን ሰላምታ እናንሣ። አማርኛ አንተንና አንቺን በግስ ላይ ሳይለይ ስለማይናገር፣ ሠሪዎቹ በዝባዝ መስመር ከፍለውታል፤ የሚያነበው ሰው ግን የሚያናግረው ሰው ሳይሆን የመንግሥት ቅጽ ይመስለዋል። «እርስዎ» ማለት አንድ መንገድ ነው፤ ለአሥራ አምስት ዓመት ተማሪ ግን ይከብዳል። መፍትሔው ሩቅ አልነበረም። ሱቅ የቆመ ሰው «ምን ልታዘዝ?» ይላል። ግሱ የሚናገረው ስለ ተናጋሪው ስለሆነ የሰሚውን ጾታም ዕድሜም አይጠይቅም፤ አክብሮቱም አይጎድልም። እኛም መዝገበ ቃላት ስናዘጋጅ «ታዘዘ» ሥር ይህን አጠቃቀም በአንድ መስመር እናልፈው ይሆናል፤ እንዲህ ያለ አገልግሎት ይኖረዋል ብለን ግን አልጠበቅንም።

ሁሉም የሚያሰናክለው ግን «አልተገኘም» ላይ ነው። መጽሐፍ ሻጭ አንድ ዓይነት እምቢታ የለውም። «የለም» ሲል አላውቀውም ማለቱ ነው፤ «አልቋል» ሲል ነበረኝ ማለቱ ነው፤ «ይመጣል» ቀጠሮ ነው፤ «ላፈላልግልህ» ደግሞ ውል ነው። የልምድ አንባቢ ከነዚህ አንዱን ሰምቶ ይመለሳል፣ ሌላውን ሰምቶ ይቀመጣል። ከዚህም የረቀቀ «የለም» የነበረበት ዘመን ነበር። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ሲደረግ፣ ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር ነበር፤ በዚያን ጊዜ ለማያውቁት ሰው «አለ» የሚል አልነበረም። እንዲህ ያለውን «የለም» መሣሪያ እንዲናገር አንጠይቅም፤ አራቱን ግን መለየት አያቅተውም። ጆሴፍ ዋይዘንባውም በ1966 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው ኤላይዛ የተባለው የመጀመሪያው ምልልስ አድራጊ መርሐ ግብር እንኳ የሰውየውን ቃል እየመለሰ ይጠይቅ ነበር። የኛዎቹ መላሾች ግን ከመጠየቅ ይልቅ መዝጋት ይቀናቸዋል። «የደስታውን ነው የከሣቴውን?» የሚለው ጥያቄ ከየትኛውም ዝርዝር ይበልጥ ይፈለግ ነበር፤ የከሣቴ ብርሃን ተሰማ መዝገበ ቃላት በ1951 ዓ.ም. የወጣ ሌላ መጽሐፍ ነውና፣ ፈላጊው ራሱ ሁለቱን አደባልቆ ሊሆን ይችላል።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ትንሽ ነገር አለ። ከመላሾቹ አንዱ የደራሲውን «የመጨረሻ ስም» አስቀድመን እንድንጽፍ ጠየቀን። «ግርማ» ብሎ በዓሉን፣ «ዓለማየሁ» ብሎ ሐዲስን የሚፈልግ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ከቶ የት ይገኛል? እንዲሁም የሱቅ አድራሻ ሲሰጡ የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ያስቀምጣሉ። በመርካቶ አድራሻ «ተራ» ነው፤ ሸማ ተራ፣ ምን አለሽ ተራ፣ አውቶቡስ ተራ ይባላል፤ ከዚያም «ከመስጊዱ ፊት ለፊት»፣ «ከራጉኤል ወረድ ብሎ» ይቀጥላል። መላሹ ሻጩን ጠቁሞ አንባቢውን ከሱቁ በር ካላደረሰ የማገናኘቱ ሥራ ግማሽ ላይ ቀረ ማለት ነው።

መዝገበ ቃላቱን ካገኘንበት ሱቅ ስንወጣ፣ ከመላሹ ጋር ያጋጠመንን ለሻጩ አጫወትነው። ሳቀና በካርቶን ላይ በእጁ ጽፎ በበሩ የሰቀለውን ማስታወቂያ አሳየን። «ያገለገሉ መፅሃፍት እንገዛለን» ይላል፤ በፀሐዩ «ፅ»፣ በሃሌታው «ሃ»። «ጋሼ፣ በየትኛው ነው የሚጻፈው?» ሲል ጠየቀን። ነገርነው፤ ካርቶኑን ግን እስካሁን አልለወጠውም።