መጠጡ ምን ይሠራለት ነበር?

«ምከረው፣ ምከረው፤ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ይላል ተረቱ። በነቀምቴ ባኬ ጃማም ሆነ በሌሎቹ የወለጋ ከተሞች መጠጥ ያሸነፈውን ሰው የምንይዝበት መንገድ ከዚህ ተረት ብዙም አይርቅም። ሚስት ትለምናለች፣ ሽማግሌ ይቆጣል፣ የንስሐ አባት ወይም ፓስተር ይገሥጻል፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ በደብዳቤ ያስጠነቅቃል። ይህ ሁሉ ካልሠራ ሰውየው ለመከራው ይተዋል። የማማከር ሥራዬ ያሳየኝ ግን መከራ ክፉ መካሪ መሆኑን ነው። ሥራውን ያጣ፣ ትዳሩ የፈረሰ፣ ከእድር የራቀ ሰው የሚጠጣበት ምክንያት ይጨምርለታል እንጂ አይቀንስለትም።

ስለዚህ እኔ ፊት የሚቀመጥ ሰው ምክር ጠግቦ የመጣ ነው። አረቄ ጉበት እንደሚያበላሽ፣ ቤት እንደሚያፈርስ፣ ኪስ እንደሚያራቁት ከእኔ በተሻለ ያውቀዋል፤ ኖሮበታል። ይህንኑ ብደግምለት በትሕትና አዳምጦኝ ወጥቶ ይሄዳል። ማንም ያልጠየቀውን አንድ ነገር መጠየቅ ግን እችላለሁ፦ መጠጡ ምን ይሠራልሃል? ሙያዬን በአንድ ጥያቄ አሳጥረህ ንገረን ቢሉኝ የምመርጠው ይህንኑ ነው። እዚህ የማነሣቸው ሰዎች ታሪክ ከብዙ ሰው የተውጣጣ ነው፤ ማንም ተለይቶ እንዳይታወቅ ሆን ብዬ አደባልቄዋለሁ።

ወደዚያ ጥያቄ ከመድረሴ በፊት ግን የሚቀድም ሥራ አለ። መጀመሪያ ምን ያህል እንደሚጠጣ ማወቅ አለብኝ። «ትንሽ ትንሽ» የሚለው መልስ አይረዳኝም፤ ስለዚህ በእኛው መስፈሪያ እቆጥራለሁ፦ ፈርሶና ጠላ በጣሳ፣ ጠጅ በብርሌ፣ አረቄ በመለኪያ፣ ቢራ በጠርሙስ። የዓለም ጤና ድርጅት «ኦዲት» የተባለ የ10 ጥያቄ መጠይቅ አለው። ነጥቡ ከ0 እስከ 40 ይደርሳል፤ 8 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ሰው አጠጣጡ ሊጎዳው የሚችል ሰው ነው። መጠይቁ አንድ መጠጥ ብሎ የሚቆጥረው 10 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል ነው። የቤት አረቄ ግን በጠርሙሱ ላይ የተጻፈ ነገር የለውም። ከመቶ 40 እጅ አልኮል ያለው አረቄ በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ ቢቀዳ ከ12 ግራም በላይ ይሆናል፤ ዳግም አረቄ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። «ማታ አምስት መለኪያ ብቻ» ያለኝ ሰው በመጠይቁ ሒሳብ ከስድስት በላይ ጠጥቷል። ይህን አብረን ስንቆጥር አልቆጣም፣ አልደነግጥምም። ወረቀቱ ላይ የሰፈረውን ቁጥር ራሱ አይቶ ዝም ሲል ከእኔ ቁጣ ይልቅ ያ ዝምታ ይሠራል።

ሁለተኛው የሕይወት ጉዳይ ነው። ለዓመታት በየቀኑ የጠጣ፣ ጠዋት እጁ እየተንቀጠቀጠ የሚነሣና አንድ መለኪያ ካላለ የማይረጋጋ ሰው በድንገት ማቆም የለበትም። መጠጡ ሲቋረጥ መንቀጥቀጡ፣ ላቡና ጭንቀቱ በመጀመሪያው ቀን ይጀምራል። ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቀን ደግሞ ሰውየው ያለበትን ሊስት፣ የሌለ ነገር ሊያይ፣ ልቡ በኃይል ሊመታ፣ ትኩሳት ሊይዘው ይችላል። ይህ ሳይታከም ሲቀር ሊገድል ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ ብዙ ጊዜ ርኩስ መንፈስ ነው ብሎ ይደመድማል። ሐኪም ቤት ቢደርስ ግን ዳያዜፓም የተባለው መድኃኒት በመጠኑ ይሰጠዋል፤ ምግብ ትቶ ለኖረ አካሉም ቫይታሚን ቢ-1 ይጨመርለታል። ቫይታሚኑ ከግሉኮስ በፊት መሰጠት እንዳለበት የሚያውቅ ነርስ የአንድን ሰው አእምሮ ከማይመለስ ጉዳት ሊያድን ይችላል።

ጠበል ገብቶ፣ ወይም በጸሎት ጉባኤ ላይ ቆሞ፣ «ከዛሬ ጀምሮ አልቀምስም» ብሎ የማለ ሰው ሲመጣ ስእለቱን አልነካበትም። ስእለት ኃይል ነው። የምለው «ስእለትዎን እንዲፈጽሙ አካልዎ እስኪለምደው ሐኪም ይከታተልዎት» ነው። የሃይማኖት አባቶች ይህን ሲረዱ ከእኔ በላይ ይረዳሉ፤ ምክንያቱም ሰዉ ወደ እኔ ከመምጣቱ ከብዙ ጊዜ በፊት ወደ እነሱ ሄዷል።

ከዚህ በኋላ ነው ወደ ጥያቄዬ የምመለሰው። አንድ የቡና ነጋዴ «መጠጡ ምን ይሠራልዎታል?» ስላቸው መጀመሪያ ግራ ገባቸው። ቀጥለው «እንቅልፍ ያመጣልኛል» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ከሰው ጋር ያስቀምጠኛል፤ ሳልጠጣ የምቀመጠው ሰው የለኝም» አሉ። የመሸታ ቤቱ ወንበር ለእሳቸው ወዳጅነት፣ የገበያ ወሬ መስሚያና የሐዘን መርሻም ነበር። ያንን ሁሉ በአንድ ቀን ተው ማለት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ያኔ ይገባል። ለእንቅልፉ ሌላ መንገድ፣ ለወዳጅነቱ ሌላ ቦታ ካልተገኘ በቀር መጠጡ የለቀቀውን ወንበር መልሶ መጠጡ ይይዘዋል።

በዚህ ሥራ ብዙ የተማርኩት አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ዊልያም ሚለር እ.ኤ.አ. በ1983 ካቀረቡትና በኋላ ከስቲቨን ሮልኒክ ጋር ካዳበሩት የንግግር ዘዴ ነው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ ሰው የሚለወጠው ሌላው በነገረው ምክንያት ሳይሆን ራሱ በአፉ በተናገረው ምክንያት ነው። አማካሪው ለለውጥ ሲከራከር ሰውየው ለመጠጡ ጥብቅና ይቆማል። እኚህን ነጋዴ፣

«ለማቆም ያለዎት ፍላጎት ከ0 እስከ 10 ቢለካ ስንት ይሆናል?» አልኳቸው።

«ሦስት።»

«ለምን አንድ አላሉም?»

ብዙ ዝም አሉ። «ትንሿ ልጄ» አሉ በመጨረሻ፣ «ስገባ የተኛች ትመስላለች። እንዳልተኛች ግን አውቃለሁ።»

«ለምን ዘጠኝ አላሉም?» ብዬ ቢሆን ኖሮ የምሰማው ለምን ማቆም እንደማይችሉ ነበር። ወደ ታች ስጠይቅ ግን ለምን ማቆም እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ይህችን ዓረፍተ ነገር ሳይረሱ እንዲይዟት ማገዝ ነው።

ጥያቄው ሌላም በር ይከፍታል። ሐዘን፣ ጭንቀትና ድባቴ ብዙ ጊዜ ከመጠጥ በስተጀርባ ይቀመጣሉ። ባለፉት ዓመታት ወለጋ ግጭትና መፈናቀል አይቷል። ቤቱን ጥሎ የወጣ፣ ሲሸሽ ያየውን ዓይኑን ሲከድን መልሶ የሚያይ ሰው «ለመተኛት ነው የምጠጣው» ሲል እውነቱን ነው። ችግሩ መጠጥ የሚሰጠው እንቅልፍ እኩለ ሌሊት ላይ የሚሰበር መሆኑ ነው፤ ቅዠቱ ይመለሳል፣ ሰውየው ላብ አጥምቆት ይነሣል፣ በማግሥቱ መጠኑን ይጨምራል። ይህን ዑደት በወረቀት ላይ ሥዬ ሳሳይ «የኔ ሌሊት ይህ ነው» የሚለኝ ብዙ ነው። ሕክምናው ለመጠጡም ለፍርሃቱም አንድ ላይ መሆን አለበት፤ አንዱን ትቶ ሌላውን ማከም አያዛልቅም።

ድባቴን በተመለከተ ግን ትዕግሥት ያስፈልጋል። አልኮል ራሱ ስሜትን ወደ ታች ይጎትታል፤ ካቆሙ በኋላ ባሉት ከሁለት እስከ አራት ሳምንታት ብዙዎች እየቀለላቸው ይሄዳል። ከዚያ በኋላም የማይለቅ ሐዘን ካለ ለብቻው የሚታከም በሽታ ነው። የማልታገሥበት አንድ ጉዳይ አለ፦ ራስን የማጥፋት ሐሳብ። ይህን በመጀመሪያው ቀን፣ በግልጽ ቃል፣ ፊት ለፊት እጠይቃለሁ። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይዘራም፤ ብቻውን የተሸከመውን ሰው ሸክም ያካፍለዋል። መልሱ «አዎ» ከሆነ ያን ቀን ብቻውን ወደ ቤቱ አይመለስም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የሴቶች ጉዳይ ነው። በጉራጌ ሶዶ ወረዳ በ1,500 አዋቂዎች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2019 በታተመ ጥናት አጠጣጣቸው ችግር ያለበት ሆነው የተገኙት ከወንዶች 25.8 በመቶ፣ ከሴቶች 2.4 በመቶ ናቸው። ከባድ ችግር ካለባቸው ውስጥ 87 በመቶው እርዳታ ፈልገው አያውቁም። ከሥራዬ እንደማየው ሴት ስትጠጣ ነውሩ እጥፍ ነው፤ ስለዚህ ተደብቃ ትጠጣለች፣ ተደብቃም ትታመማለች። አረቄ የምታወጣ እናት ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። ድፍድፉን ስትቀምስ፣ ደንበኛ «ለኔ ብለሽ» ሲላት፣ ቀኑን ሙሉ ስትቀማምስ ትውላለች። ልጆቿ የሚማሩት በዚያው አረቄ ነው። «ሥራውን ተዪው» ማለት ለእኔ ቀላል ነው፤ ለእሷ ግን የልጆች ደብተርና የቤት ኪራይ ማለት ነው። ከእንዲህ ዓይነት እናት ጋር የምንነጋገረው ግብዣውን ሳታስቀይም እንዴት እንደምትመልስ፣ ቅምሻውን ለማን እንደምትሰጥ፣ በቁጠባ ማኅበሯ በኩል ሌላ ንግድ ቀስ በቀስ እንዴት እንደምትጀምር ነው።

አገርሽቶ መጠጣት ከሕመሙ ጠባይ የሚመጣ ነው፤ ስለዚህ ቀድሜ አብሬ እዘጋጅበታለሁ። በእኛ አገር አደጋው በቀን መቁጠሪያ ላይ ይታያል፦ የቡና ገንዘብ እጅ የሚገባበት ሰሞን፣ መስቀል፣ የጥር ሠርግ፣ የገበያ ቀን፣ ለቅሶ ቤት። ለእያንዳንዱ አስቀድመን ቃል እናዘጋጃለን። «ጠጣ» የሚል ወዳጅ ክፉ አይደለም፤ ፍቅሩን የሚያሳይበት መንገድ ይህ ነው። ስለዚህ እጅ ባዶ መሆን የለበትም። ያልፈላ ብርዝ በብርሌ ይዞ ወይም ቃሪቦ ተቀድቶለት የተቀመጠ ሰው ከጨዋታው ሳይወጣ ይውላል። «መድኃኒት ላይ ነኝ» የሚለውም መልስ ብዙ ክርክር ይዘጋል። ወድቆ የተመለሰ ሰው ሲመጣ ደግሞ «ስንት ቀን ቆይተህ ነበር? ያን ቀን ሁሉ ምን ረዳህ?» ብዬ እጀምራለሁ። ያ ጊዜ አልጠፋም፤ የሚሠራውን ያወቀበት ጊዜ ነው።

በወንጌላውያን ማኅበረሰብ ውስጥ መጠጥን መተው የእምነት አካል የሆነበት ቤት ብዙ ነው፤ ይህ ብዙዎችን ጠብቋል። ነገር ግን እዚያው ውስጥ የወደቀ ሰው ከማንም በላይ ይደበቃል፣ ምክንያቱም መጋለጥ ለእሱ ከጉባኤ መውጣት ነው። «መጥቶ ይናገር፣ አናባርረውም» ብሎ በግልጽ የሚያውጅ መሪ ያለበት ጉባኤ ውስጥ ሰዎች ቀደም ብለው ለእርዳታ ይመጣሉ።

መንግሥት በ2011 ዓ.ም. ያወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላውም እንዳይሸጥ አድርጓል። መልካም ነው። የሰፈር አረቄ ግን ቀድሞም ማስታወቂያ አልነበረውም። የአእምሮ ሕክምና የሚሰጠው አማኑኤል ሆስፒታል ደግሞ አዲስ አበባ ነው፤ ነቀምቴ ከዚያ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ስለዚህ ተስፋ የማደርገው በቅርብ ባለው ነገር ነው፦ በዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ጤና መመሪያ ሠልጥና «በሳምንት ስንት ቀን ይጠጣሉ?» ብላ ሳትፈርድ በምትጠይቅ የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ለታመመ አባሉ እንደሚቆም ሁሉ ለመጠጥ ታማሚም በሚቆም እድር፣ ሰክሮ ሲገባ ከመሟገት ጠዋት ቡና ሲፈላ በምታናግረው ሚስት።

ያቺ ሚስት ምን ልበለው ካለችኝ መልሴ አጭር ነው። ተው አትበይው፤ ብለሽዋል። ማታ ማታ ምን እየከበደው እንደሆነ ጠይቂው። እስኪመልስ ጠብቂ። ሲመልስ አትቁረጪው። ጠዋት ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ደግሞ ብቻውን እንዲያቆም አትተይው፤ ይዘሽው ወደ ሐኪም ሂጂ።