«ውጣ!» የሚሉ ግጥሞችና የሳንጃ ሰሊጥ

በሥነ ጽሑፍ ምሽቶቻችን የሚነበቡትንና ለዚህች መጽሔት የሚላኩትን ግጥሞች ሰብስበን ስናያቸው፣ ከፍቅር ቀጥሎ ብዙ ቀለም የፈሰሰበት ርዕስ የኃያላን መንግሥታትና የአፍሪካ ነገር ነው። የግጥሞቹ አካሄድ ይመሳሰላል። አንድ ጅብ አለ፤ ወይም አሞራ፣ ወይም ዘንዶ። ጡቷ የደረቀ አንዲት እናት አለች። ከዚያ ልጆቿ ይነሣሉ፤ ገጣሚው ድምፁን ከፍ አድርጎ «ውጣ!» ይላል፤ አዳራሹም በጭብጨባ ይናጋል። ማጨብጨቡን አንነቅፍም። ብሶቱ የእውነት ነው፤ ተማሪ ነኝ የሚል ሰው የሕዝብ ብሶት እየሰማ እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ነበር የሚያሳፍረው። የእኛ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ይኸውም ግጥሙ በማግሥቱ፣ ጭብጨባው በሌለበት፣ ወረቀት ላይ ሲነበብ ምን ይነግረናል የሚል ነው።

አንድ ቀላል ፈተና እናቅርብ። ከነዚህ ግጥሞች አንዱን አንሡና የኃያሉን መንግሥት ስም ፍቁት፤ በቦታው የተቀናቃኙን ስም አስገቡ። ቤቱ አይፈርስም፤ ምቱም እምብዛም አይሰበርም። አሜሪካ የነበረው ሩሲያ፣ ፈረንሳይ የነበረው ቻይና ቢሆን ጅቡ ጅብነቱን አይለቅም። እንግዲህ ስሙ ሲቀየር ምንም የማይጎድልበት ግጥም ስለዚያ መንግሥት አንድም ነገር አልተናገረም ማለት ነው። የተናገረው ስለ ንዴታችን ነው፤ እሱም ቢሆን የጅምላ ንዴት።

ይህ የስም ቅያሬ የእኛ የክፍል ውስጥ ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ታሪክ ራሱ ሠርቶታል። ሚያዝያ 9 ቀን 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አብዮት አደባባይ ላይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን እያነሡ ሲሰባብሩ፣ የተሰበሰበው ሕዝብ ያየው ነገር ብዙ የመድረክ ተውኔት የማይደርስበት ትርኢት ነበር። በዚያው ወር አሥመራ የነበረው የቃኘው ጣቢያና ሌሎች የአሜሪካ ወታደራዊ መሥሪያ ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ ብዙም ሳይቆይ ሊቀ መንበሩ ሞስኮ ነበሩ። ከ1945ቱ ውል ጀምሮ ሩብ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ በአሜሪካ መሣሪያ የታጠቀው ጦር በጥቂት ወራት ውስጥ የሶቭየት ታንክ መንዳት ጀመረ። ኅዳር 1971 ዓ.ም. ደግሞ የሃያ ዓመት የወዳጅነት ውል ሞስኮ ላይ ተፈረመ።

አሁን ድንበሩን ተሻገሩና ሞቃዲሾን ተመልከቱ። ዚያድ ባሬ በ1966 ዓ.ም. ከሶቭየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል የተፈራረሙ ሰው ነበሩ። ኅዳር 1970 ላይ ሶቭየቶቹን አባረሩ፤ በ1972 የበርበራን ወደብ ለአሜሪካ ጦር ፈቀዱ። አዲስ አበባ ላይ ጅብ የነበረው ሞቃዲሾ ላይ ወንድም ሆነ፤ የሞቃዲሾው ጅብ አዲስ አበባ ላይ ወንድም ሆነ። ሁለቱም አደባባዮች በሰፊው ሕዝብ ስም ይጮኹ ነበር። እርግጥ ነው፣ የእኛ ሰው ፍርሃት ሐሰት አልነበረም፤ የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን አቋርጦ ጅጅጋን ይዞ ነበርና። የሕዝቡን ፍርሃት ማንም አይንቅበት። መፈክሩ ግን ፍርሃቱን ይዞ ወዴት እንደሚሄድ አልነገረውም።

ወዴት እንደሄደ በ1977 ታየ። መስከረም ላይ የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲከበር ረሃቡ ወሎንና ትግራይን ይፈጅ ነበር። ጥይቱ ከምሥራቅ ይመጣል፤ ስንዴው በአብዛኛው ከምዕራብ ይመጣል። «ውጣ!» የተባለው በበሩ ወጥቶ በስንዴ ጆንያ ላይ ስሙን አስጽፎ ተመለሰ። ይህን የሚያህል ምፀት እጃችን ላይ እያለ ስለ ዘንዶ መጻፋችን ይገርማል።

የቅርቡን ደግሞ ሁላችንም እናስታውሳለን። ጥቅምት 28 ቀን 2014 ዓ.ም. በዚያው አደባባይ (አሁን መስቀል አደባባይ ነው) ሕዝብ ወጥቶ በምዕራባውያን ላይ ጮኸ፤ «በቃ!» የሚለው ቃልም በውጭ ካሉት ወገኖቻችን ጋር ዓለምን ዞረ። ታኅሣሥ ላይ ኢትዮጵያ ከአጎዋ ተሰረዘች። ታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. መንግሥት የዩሮቦንድ ዕዳውን ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳይከፍል ቀረ፤ በዚያው ወር አገሪቱ ቻይናና ሩሲያ ያሉበትን ብሪክስን ተቀላቀለች። ሐምሌ 2016 ላይ ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተለቀቀ፤ ዋሽንግተን ያለው የዓለም የገንዘብ ድርጅት 3.4 ቢሊዮን ዶላር ፈቀደ። «በቃ» ከተባለ ሦስት ዓመት አልሞላም። ኧረ እኮ ለዚህ ሁሉ የተጻፈ አንድ ግጥም አምጡልን! ለሰልፉ የተጻፉት ግን አንድ መሳቢያ ይሞላሉ።

በእኛ ብቻ አይደለም። ነሐሴ 2014 ላይ የመጨረሻው የፈረንሳይ ወታደር ከማሊ ወጣ፤ ሩሲያውያኑ ቀድመው ገብተው ነበር። ሐምሌ 2015 ኒጀር ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ኒያሜ አደባባይ የወጡ ወጣቶች የሩሲያን ባንዲራ ያውለበልቡ ነበር። ያ ወጣት ከእኛ ገጣሚ እምብዛም ይለያል ብለን አናምንም። እሱም «ውጣ» ብሏል፤ «ግባ» ያለው ማን እንደሆነ ግን አልተጠየቀም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። «ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው» የሚለው አባባል በየግጥሙ ይመጣል፤ ልክ እንደ «ጉልቻ ቢለዋወጥ» ሁሉም ይጠቅሰዋል፤ ወጡን የሚቀምስ ግን የለም። ሣር ውል አይፈርምም። እኛ ፈርመናል። በ1876 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አድዋ ላይ ከእንግሊዝና ከግብፅ ጋር ውል አደረጉ፤ ቦጎስ ሊመለስላቸው፣ ንግዱም በምፅዋ በኩል ያለ ቀረጥ ሊያልፍላቸው፤ እሳቸው በበኩላቸው በደርቡሾች የተከበበው የግብፅ ጦር በአገራቸው በኩል እንዲወጣ ሊረዱ። መጥፎ ውል አይመስልም፤ ንጉሡም የዋህ አልነበሩም። ነገር ግን በዓመቱ፣ በ1877፣ ጣሊያን በእንግሊዝ ይሁንታ ምፅዋ ላይ ወረደ። ከደርቡሽ ጋር የተፈጠረው ጠላትነት ደግሞ ለእኛ ቀረ። በ1880 ደርቡሾች ጎንደር ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ፤ መጋቢት 1881 ንጉሠ ነገሥቱ መተማ ላይ ወደቁ። የጎንደር ተማሪ ይህን ከአያቱ አፍ ሰምቶት ያድጋል። ብዕር ሲያነሣ ግን ዝሆንና ሣር ይጽፋል።

ታዲያ የግጥሞቹ ጉድለት የቃላት ጉድለት አይደለም። ሁለት ሰዎች ይጎድሏቸዋል፤ በስማችን የሚፈርመውና ሒሳቡን የሚከፍለው። ጅቡና እናቲቱ መድረኩን ስለሚሞሉት ለነዚህ ቦታ አይተርፍም። ሕዝበኛ ፖለቲካ የሚፈልገውም ይህንኑ ነው። ሕዝቡ ወደ ውጭ ጣቱን ቀስሮ ሲጮህ ፈራሚው ከጀርባው ቆሞ ይፈርማል፤ የአደባባዩ ጩኸት ለፈራሚው የውክልና ደብዳቤ ይሆንለታል። በቅርፅ በኩልም ብታዩት ግሦቹ ሁሉ ትእዛዝ ናቸው፤ ውጣ፣ ተነሥ፣ በጥስ። የሚሸጥ፣ የሚገዛ፣ የሚበደር፣ የሚመዝን ግሥ የለም።

ስለ መመዘን ካነሣን ሳንጃ እንውረድ። ከመካከላችን የታች አርማጭሆ ልጆች አሉና ይህን የምንጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሳንጃ ከጎንደር ወደ ሑመራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት፤ አካባቢው ሰሊጥ፣ ማሽላና ጥጥ ያበቅላል። ሰሊጥ ትዕግሥት የለውም። ሲደርስ በጊዜው ካልታጨደ ፍሬው ተከፍቶ ይረግፋል፤ ስለዚህ አጨዳው በጥድፊያና በብዙ የቀን ሠራተኛ ነው። ይህ ሰሊጥ በጥሬው ተጭኖ ይሄዳል፤ ዋና ገዢዎቹ ቻይናና እስራኤል ናቸው። ቻይና ግዢዋን ቀዝቀዝ ስታደርግ ሳንጃ ላይ የኩንታል ዋጋ ይወርዳል፤ ገበሬው ምክንያቱን የሚሰማው ከነጋዴው አፍ ነው። ሌላም አለ። ዶላር በጠፋባቸው ዓመታት አንዳንዱ ላኪ ሰሊጡን ውጭ አገር በኪሳራ ሸጦ፣ ባገኘው ዶላር ሌላ ዕቃ አስገብቶ እዚህ ያተርፍበት ነበር። ያ ገበሬ ታዲያ ከገበያ ሲመለስ ምን ይዞ ይገባል? በቢጫ ጀሪካን የሚረጋ ዘይት። ከእስያ የመጣ የፓልም ዘይት! የዘይት እህል አምራቹ ወጡን የሚሠራው በባዕድ ዘይት ነው።

ይህን ነገር ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከመቶ ዓመት በፊት አስበውታል። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ጸሐፊው ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ነው። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን እየሸጠ ከዐዋቂ ሕዝብ የተሠራ ዕቃ ሲገዛ የድካሙን ዋጋ እንደሚያጣ፣ ሳይወጋ እንደሚገበር፣ በሚዛን እያሳየ ያስረዳል። በመጽሐፉ ውስጥ ጅብ የለም። ጉምሩክ አለ፣ ገንዘብ አለ፣ ትምህርት ቤት አለ። በሥነ ጽሑፍ ክፍል እንደ ደረቅ የምጣኔ ሀብት ጽሑፍ ይታለፋል፤ እኛ ግን ከብዙ ግጥሞች ይልቅ የሚያስቆጣን እሱ ነው። ፈራሚውን ለሚፈልግ ደግሞ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» አለ። የቀይ ኮከብ ዘመቻ እንዴት እንደተቀነባበረ፣ መፈክሩ ከየትኛው ጠረጴዛ እንደሚነሣ ከውስጥ ያሳያል። በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ወዲያው ከገበያ መሰብሰቡ፣ ደራሲውም የካቲት 1976 ላይ እንደወጡ መቅረታቸው ማንን እንዳስከፋ ይናገራል። «ውጣ» የሚል ግጥም የጻፈ ሰው በዚያ ዘመን የሚያገኘው ጭብጨባ ነበር።

ለዚህ እትም ከደረሱን ግጥሞች አንዱ ከአንድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የመጣ ነው፤ ልጁ ከሳንጃ ነው። አሥራ ሁለት ስንኝ አለው። እናቱ ሰሊጡን ለነጋዴ አስረክባ፣ ከገንዘቡ ቀንሳ ዘይት ገዝታ ትመለሳለች፤ ማታ ዘይቱ ረግቶባት ጀሪካኑን እሳት ዳር ታስጠጋዋለች፤ ጭብጧ ላይ የቀረውን ሰሊጥ ደግሞ ለልጁ ታቃምሰዋለች። ምቱ ሁለት ቦታ ላይ ያነክሳል፤ «ነጋዴ» ከ«ወንዴ» ጋር ቤት እንዲመታ መገደዱም አላስደሰተንም። ቢሆንም በአሥሩ ስንኝ ውስጥ የቻይናም የአሜሪካም ስም ሳይጠራ ሁለቱም እዚያች ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው ይታያሉ። አሥራ አንደኛውና አሥራ ሁለተኛው ስንኝ ግን አፍሪካን ጠርተው «ተነሽ፣ ሰንሰለትሽን በጥሺ» ይላሉ። እናቲቱ ገና እሳቱን እያራገበች ነው፤ ማን ጠራቸው? ገጣሚው እነዚህን ሁለት ስንኞች አውጥቶ መልሶ ከላከልን ግጥሙ በሚቀጥለው እትም ይወጣል።