ዛፉ ያጎበጠው

ከሰመራ ወደ ጋላፊ በሚወስደው መንገድ፣ ዲቾቶ ላይ ከባድ መኪኖች ከሚቆሙበት ዳር አንድ ወጣት የአፋር እረኛ አየሁ። በትሩን ጫንቃው ላይ አጋድሞ ሁለት እጆቹን አንጠልጥሎበታል። የእጁ አንጓ የሚያርፍበት ቦታ ወዝቶ ያብረቀርቃል። ያ ወዝ የልጅነቴን የገና ዱላ አስታወሰኝ።

የጥሩ ገና ሥራ ከመጥረቢያ በፊት በዓይን ይጀመራል። ቆራጩ ቀጥ ያለውን ትቶ ዛፉ ራሱ ያጎበጠውን ቅርንጫፍ ይፈልጋል። በዚህ ዓይነቱ ቅርንጫፍ ላይ የእንጨቱ ጅማት ሳይቆረጥ ከመጨበጫው እስከ ቆልማማው ጫፍ አብሮ ይታጠፋል፤ ስለዚህ ኳሷን፣ ጥንጓን፣ ሲያገኛት አይሰነጠቅም። ልጡ ተልጦ በእሳት ይለበለባል፣ ቅቤም ይጠጣል። ጥንጓ ደግሞ ከዛፍ ሥር ትጠረባለች ወይም ከጠፍር ትጎነጎናለች። ከዚያ ሁሉም የሚጠብቀው ታኅሣሥን ነው፤ እህሉ ታጭዶ ሜዳው ሲለቀቅ።

እንደኛው ኳስ በዱላ የሚመቱት አሜሪካኖች ደግሞ የኮሌጅ ቤዝቦል የሚደምቅበትን ጸደይ ይጠብቃሉ። የኳሳቸው እምብርት ቡሽና ጎማ ነው፤ የሱፍ ክር ይጠመጠምበትና ሁለት ቁራጭ ቆዳ በቀይ ክር፣ በ108 ጥንድ ስፌት፣ በእጅ ይሰፋበታል። ስፌቱ ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ወርዋሪው ጣቶቹን እዚያ ላይ አሳርፎ ኳሷን በአየር ላይ ያጥፋታል። የማሳቹሴትሷ ፒትስፊልድ እ.ኤ.አ. በ1791 የመሰብሰቢያ ቤቷ መስኮቶች እንዳይሰበሩ ብላ ይህን ጨዋታ ከቤቱ አጠገብ ከልክላ ነበር። በ1859 ግን አምኸርስትና ዊልያምስ የመጀመሪያውን የኮሌጆች ግጥሚያ ያደረጉት በዚያችው ከተማ ነው፤ አምኸርስት 73 ለ32 አሸነፈ። የዚያ ዘመን ዱላ እንጨት ነበር። ከ1974 ወዲህ ኮሌጆቹ አሉሚኒየምም ይዘዋል፤ እንደ እንጨት ቶሎ አይሰበርም፣ እስከ 2011ም ከእንጨት ይልቅ ሩቅ ይመታ ነበር። እኔ ግን ልቤ ከእንጨቱ ጋር ነው። እንጨት ሠሪውን ጅማቱን እንዲያነብ ያስገድደዋል፤ ያላነበበውንም በመጀመሪያው ምት ያጋልጠዋል።

እረኛውን በትሩን እንዲያሳየኝ ለመንኩት። ከጫንቃው አውርዶ ሰጠኝ። ካሰብኩት ይልቅ ቀላል ነው፤ ጣቶቼ ቦታቸውን ሳይፈልጉ አገኙት። ሳላስበው ጫፉን ወደ መሬት ዝቅ አድርጌ፣ ጥንግ እንደሚጠብቅ ልጅ ጎንበስ ብዬ ቆሜ ነበር።