አንድ የዓረብኛ መማሪያ መጽሐፍ በኢትዮጵያዊ ተማሪ ሚዛን

በለቡ መብራት ኃይል አቅራቢያ ያለው የፉሪ ለቡ የባቡር ጣቢያ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት ሲጀመር፣ የአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ ከጅቡቲ ጋር በሐዲድ ተገናኝቷል። ጅቡቲ ይፋ ቋንቋዎቿ ፈረንሳይኛና ዓረብኛ ናቸው። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ ከ160,000 የማያንሱ ዜጎች ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተማሪዎች ለባህልና ለዓለም አቀፍ ግንኙነት የሚጠቅም አንድ የውጭ ቋንቋ መርጠው እንዲማሩ በር ከፍቶ እንደነበረም ይታወሳል። እንግዲህ ዓረብኛ የሃይማኖት ትምህርት ቋንቋ ብቻ ሳይሆን የንግድ፣ የሥራና የጉርብትና ቋንቋም ስለሆነ፣ የምናስተምርበትን መጽሐፍ መመርመር ተገቢ ነው።

ለዚህ ግምገማ የተመረጠው በሕንዳዊው ሊቅ በዶክተር ፋ. ዐብዱረሒም የተዘጋጀው «ዱሩሱ አል-ሉገቲ አል-ዐረቢያህ» የተባለው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ከልዩ ልዩ አገሮች ወደ መዲና እስላማዊ ዩኒቨርሲቲ ለሚመጡ፣ ዓረብኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ ተማሪዎች የተጻፈ ሲሆን፣ በሦስት ክፍሎቹ በብዙ አገሮች ተሰራጭቷል።

የመጽሐፉ ብርታት በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። በአመልካች ቃላት ጀምሮ ወደ መስተዋድድ፣ ወደ ዘርፍና ባለቤት፣ ወደ ቅጽል ይሸጋገራል፤ አንድን ሕግ ሳያጸና ወደ ሌላው አያልፍም። የሰዋስው ስያሜዎችን ከማብዛት ይልቅ ምሳሌን በምሳሌ ላይ እየደረበ ተማሪው ሕጉን ራሱ እንዲያገኘው ያደርጋል። ቃላትን ያለ ትርጉም በቃል ማጥናት ለለመደ ተማሪ ይህ ትልቅ ትምህርት ነው።

ይሁን እንጂ ሦስት ጉድለቶች ጎልተው ይታያሉ።

ሀ/ ግሥ ይዘገያል። የአሁንና የወደፊት ጊዜ ግሥ በስፋት የሚመጣው በሁለተኛው ክፍል ነው። የመጀመሪያውን ክፍል የፈጸመ ተማሪ በክፍሉ ያለውን ዕቃ ሁሉ በስሙ ሊጠራ ይችላል፤ «ነገ እሄዳለሁ» ወይም «ደመወዜ አልተከፈለኝም» ለማለት ግን ይቸገራል። በዩኒቨርሲቲ ተቀምጦ ለዓመታት ለሚማር ሰው ይህ መዘግየት አይጎዳም፤ ከሁለተኛ ደረጃ ወጥቶ ወደ ሥራ ለሚሰማራ ወጣት ግን መብትን በመጠየቅና ባለመጠየቅ መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ለ/ የመደብሩ፣ የሐኪም ቤቱና የአሠሪው ቤት ንግግር አነስተኛ ቦታ ይዟል። መጽሐፉ የሚያስተምረው የጽሑፍ ቋንቋ ነው። ይህ ስሕተት አይደለም፤ መሠረቱ ያለ ፉስሓ አይጸናም። ነገር ግን የየአገሩ የአነጋገር ልማድ ከመጽሐፉ እንደሚለይ ተማሪው አስቀድሞ ካልተነገረው፣ ከጅቡቲ ወይም ከጅዳ ሰው ጋር በተገናኘ ጊዜ የተማረው ሁሉ ከንቱ መስሎ ይታየዋል።

ሐ/ መጽሐፉ ለዓለም ሁሉ የተጻፈ በመሆኑ፣ ኢትዮጵያዊው ተማሪ ወደ ክፍል ይዞት የሚገባውን ሀብት አያውቅም። ለእኛ መምህራን ዋናው ጉዳይ ይኸው ነው። አማርኛ፣ ግዕዝና ዓረብኛ የአንድ የቋንቋ ቤተ ሰብ ልጆች ናቸው። «ክታብ» እና «ክትባት» የሚሉትን የሚያውቅ ልጅ «ከተበ» (ጻፈ)፣ «ኪታብ» (መጽሐፍ) እና «ካቲብ» (ጸሐፊ) ከአንድ ሥር መውጣታቸውን በአንድ ቀን ይረዳል። «ቤተ መጻሕፍት» እና «ቤተ መንግሥት» የሚል ሰው፣ በዓረብኛ ባለቤትነትን ለመግለጽ የተያዘው ነገር ከያዡ ቀድሞ መምጣቱ አይደንቀውም፤ «የተማሪ መጽሐፍ» ከሚለው የአማርኛ ሥርዓት ይልቅ የግዕዙን ማስታወስ ይበቃዋል። «ሀገር—አህጉር»፣ «ልብስ—አልባስ» ለሚለው ሰው «ወለድ—አውላድ» እና «ቀለም—አቅላም» እንግዳ አይሆኑም።

የፊደላችንም ነገር እንዲሁ ነው። በአማርኛ ንግግር የተደባለቁት «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ»፣ እንዲሁም «አ» እና «ዐ» በዓረብኛ የድምፅ ልዩነታቸውን ጠብቀው ይኖራሉ። «ዓይን» በ«ዐ»፣ የግዕዙ «ኀምስቱ» በ«ኀ» የሚጻፍበትን ምክንያት ያስተማረ የአማርኛ መምህር፣ ሳያውቀው የዓረብኛ መምህሩን ግማሽ መንገድ አግዞታል። በአንጻሩ መመሳሰሉ ሊያሳስትም ይችላል፤ በእኛ «ወርቅ» የከበረ ማዕድን ሲሆን በዓረብኛ «ወረቅ» ወረቀት ነው። እንዲህ ያለውን ማሳሰቢያ ከመዲና የመጣ መጽሐፍ ሊሰጠን አይችልም።

ከዚህ በመነሣት የሚከተለው ሐሳብ ይቀርባል። መጽሐፉን መጣል አያስፈልግም፤ የሰዋስው ቅደም ተከተሉ እንደ አከርካሪ ያገልግል። ከጎኑ ግን በኢትዮጵያውያን መምህራን የሚዘጋጅ አጋዥ መጽሐፍ ያስፈልጋል። ይህም ግሥን ከመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጀምሮ የሚያስገባ፣ የደመወዝን፣ የሕመምን፣ የጉዞንና የውልን ቃላት የሚያስቀድም፣ ከግዕዝና ከአማርኛ ጋር ያለውን ዝምድናና ወጥመድ በሰንጠረዥ የሚያሳይ ሊሆን ይገባል። ፈተናውም የመድረሻ ምልክትን ከመጠየቅ አልፎ ተማሪው ሰምቶ መመለሱን ይመዝን።

አቡነ ሰላማ መተርጕምና በ16ኛው መቶ ዓመት የኖሩት የመናዊው እጨጌ አባ ዕንባቆም ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ መጻሕፍትን ባመጡ ጊዜ፣ ሁለቱን ቋንቋዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ይሠሩ ነበር። በ1961 ዓ.ም. በአማርኛ የታተመው የቅዱስ ቁርኣን ትርጉምም የዚሁ ሙያ ፍሬ ነው። አባቶቻችን ለትርጉም የተጠቀሙበትን ዝምድና እኛ ለትምህርት ሳንጠቀምበት ብንቀር፣ ጥፋቱ የባዕድ መጽሐፍ ሳይሆን የእኛው ይሆናል።